ወንበር ከነመኪናው

«ይህን የሰፋ እጁ ይባረክ» አለች መርፌ፣ የቀይዋን መኪና የሾፌር ወንበር ስፌት በአውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች እየዳበሰች።

ወደ መኪናዋ የገባችው ጫማዋን አውልቃ ነው። ጫማዎቿ ከበሩ ሥር አስፋልቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወንበር ሰፊ የሰው ወንበር አያቆሽሽም የሚል የቆየ ደንብ አላት፤ ደንቡን ያወጣችውም የምታከብረውም እሷ ብቻ ነች። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ጥግ ላይ ሲታጠፍ እንኳ አልተሸበሸበም። ቆዳው ስፖንጁን ሳያስጨንቅ፣ ሳይላላበትም፣ ልክ ሆኖ ተኝቶበታል። እንዲህ ያለ ሥራ ስታይ ትንሽ ትቀናለች፤ ቅናቷንም አትደብቅም።

«የፋብሪካ ነዋ» አለ ደላላው በመስኮቱ አጎንብሶ። «ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፤ የሰው እጅ አልነካትም። አይዞሽ መርፌ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ውሰጃት።»

ያገለገሉ መኪኖች በሚሸጡበት በዚህ ሰፊ ግቢ ደላላውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ አይዞህ ነው የሚባለው። ወንዱን «አይዞህ»፣ ሴቷን «አይዞሽ» ሳይል ወሬ አይጀምርም። እሷንም ቢሆን በስሟ የሚጠራት የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የመኪና ወንበር ስትሰፋ መርፌ የሚለው ስም ተጣብቆባት ቀርቷል፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት ባሏና ባንኩ ብቻ ናቸው።

ባሏ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ቆሞ ወረቀት ያነባል። የሒሳብ መምህር ነው፤ ተማሪውም ጎረቤቱም ሚስቱም መምህር ይሉታል። በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ሰባት መኪኖችን በዋጋ፣ በዕድሜ፣ በነዳጅ፣ በመለዋወጫ፣ በወንበርና በጣሪያ አወዳድሮ ነጥብ ሰጥቷቸዋል። ቀይዋ አንደኛ ወጥታለች። እሱን ያላስደሰተውም ይኸው ነው።

«ዋጋዋ በጣም አማረብኝ» ብሏት ነበር ጠዋት ከቤት ሳይወጡ። «ተማሪ እንዲህ ያለ ንጹሕ መልስ ሲያመጣልኝ ኮርጇል ማለት ነው።»

«ወይም ጎበዝ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ» አላት። «ኮርጇል።»

ባለ ሁለት ወንበር መኪና የመርፌ የቆየ አምሮት ነው። የታክሲ፣ የአውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ የአምቡላንስ ወንበር ስትሰፋ ኖራለች። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ግን ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራች መኪና ሥራ ወደ ሱቋ ይመጣል። የዚያች መኪና ወንበሮች ተሰፍተው ሲያልቁ መርፌ አንዱን መሬት ላይ አስቀምጣ ትቀመጥበታለች። እግሯን ትዘረጋለች፤ ሁለት እጇን መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ፊት ታነሳለች። ከአራት ዓመት በፊት መምህሩ ሳታስበው ገብቶ እንዲህ ተቀምጣ አገኛት።

«ወዴት ነው?» አላት ሳይስቅ።

«ወደ ባሕር።»

«ቦታ አለ?»

«አንድ ቦታ አለ።»

መምህሩ ሁለተኛውን ወንበር ጎትቶ ጎኗ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ማጠራቀም የጀመሩት። ሁለት ልጆች አስተምረው፣ ድረው፣ ከወር ወጪ የተረፈውን ነው ያስቀመጡት። ለደህና የቤተሰብ መኪና አይበቃም። ለአሮጌ የስፖርት መኪና ግን አደብ ገዝቶ ለመረጠ ሰው ይበቃል።

ትልቋ ልጃቸው ነገሩን የሰማችው ትናንት ነው። ዛሬ ማለዳ ደወለች።

«እማዬ፣ ሁለት ወንበር? እኔና ልጆቹ ስንመጣ የት ልትጭኚን ነው?»

«እናንተ መኪና አላችሁ። አምስት ወንበር፤ ያውም እኔ የሰፋሁት።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ያላችሁ ገንዘብ ይኸው ነው። ደግሞ ሰው ምን ይላል? በዚህ ዕድሜሽ?»

«ሰው የሚለውን በፍጥነት ስለማልፈው አይሰማኝም» አለችና ስልኩን ዘጋች።

አሁን ቀይዋ መኪና ውስጥ ሆና ሁለት እጇን መሪው ላይ አሳረፈች። ይህ መሪ አየር አይደለም። ሞተሩን አስነስታ ሰምታዋለች፤ ድምፁ ደስ ይላል። ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል። ልቧ ወዷታል፤ ሌላ ቃል የለውም።

«እዚያ ዛፍ ሥር የቆመችውን ሴት አየሻት?» አለ አይዞህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አዋላጅ ናት። የሌሊት ሥራ ጨርሳ ቀጥታ ወደዚህ ነው የመጣችው። ይቺኑ መኪና ነው የምትፈልገው፤ ገንዘቡ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። እኔ ግን ቅድሚያ ለመርፌ ብያለሁ። ቤተሰብ ነን። ከሰዓት ደግሞ ሁለት ወንበር እልክልሻለሁ፤ አስቸኳይ ነው።»

«ላክልኝ» አለች መርፌ። ከሱቋ ሥራ ግማሹ የሚመጣው ከአይዞህ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል።

ከመውረዷ በፊት እጇን ከወንበሩ ሥር ሰደደች። መኪናዋን ተጠራጥራ አይደለም። ይህን የሰፋው ጎበዝ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የመጨረሻውን ቋጠሮ እንዴት እንዳሰረው ለማወቅ አማራት። ሰፊ ሰፊን የሚለካው በቋጠሮው ነው፤ ከላይ የሚታየውን ሁሉም አሳምሮ ይሠራል። ጣቷ ከፊት ጠርዝ ሥር ገባ። ወደ ኋላ የተመለሱ ሦስት አጫጭር ስፌቶች አገኘ።

ጣቷ እዚያው ቆመ። አጎንብሳ የስልኳን መብራት አበራች። ከጥቁሩ ቆዳ ሥር ሦስቱ ስፌቶች በአረንጓዴ ክር የተሰፉ ነበሩ።

በአረንጓዴ ክር የምትጨርሰው እሷ ናት። ሙያውን ያስተማሯት አዛውንት «ሥራሽን ከማይታይበት ቦታ ፈርሚበት፤ አንድ ቀን መገናኘታችሁ አይቀርም» ይሏት ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስትመርቅ የቆየችው የገዛ እጇን ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

አሁን ግን ወንበሮቹ ትዝ አሏት። ከአራት ዓመት በፊት ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሠፈር አጥለቅልቆት ነበር። በሳምንቱ አይዞህ ሁለት ወንበር በእጅ ጋሪ ላከ። መኪናው አልመጣም። «ልጆች ውሃ ደፍተውባቸው ነው» አለ በስልክ። አሮጌውን ሽፋን ስትገፈው ስፖንጁ እንደ ተነከረ ጨርቅ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ ከሥሩ ደግሞ እፍኝ የሚሞላ የወንዝ አሸዋ ወጣ። «ልጆቹ አሸዋም ይጠጣሉ እንዴ?» ብላ ቀለደች። ከቀልዱ በቀር ምንም አልጠየቀችም። ስፖንጁን ጥላ አዲስ ቆርጣ አስገባች፤ የሚያምር ቆዳ መረጠች፤ በሕይወቷ ካሳመረቻቸው ሥራዎች አንዱ ሆነ። መምህሩ «ወዴት ነው?» ያላት እነዚህኑ ወንበሮች መሬት ላይ አስቀምጣ ነው።

የደኅንነት ቀበቶውን ያዘችና ጎተተችው። ሰው እስከሚታሰርበት ድረስ ንጹሕ ነው። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ጎተተችው። ከጥቅልሉ ውስጥ ማንም የማያየው ክፍል ሲወጣ ጭቃ የደረቀበት ቡናማ መስመር ታየ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ ከወለሉ ጋር ያያያዙትን ብሎኖች በመብራት አየች። ሁሉም ዝገዋል።

ቀበቶውን ለቀቀችው፤ ተጠቅልሎ ገባ። አፈረች። በአይዞህ አይደለም፤ ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ድሮም ታውቃለች። ያፈረችው በራሷ ነው። ያኔ አሸዋውን በመጥረጊያ ጠርጋ ስትጥል ምን እየጠረገች እንደነበር ልቧ ያውቅ ነበር።

ወረደች። ጫማዋን ቀስ ብላ አደረገች።

«እህ?» አለ አይዞህ። «ቀብዱን እንቀበል?»

«ይቺ መኪና ጎርፍ ውስጥ ነበረች።»

የአይዞህ ፈገግታ አልጠፋም፤ ትንሽ ጠበበ እንጂ። «ማነው ያለው?»

«እኔ። ወንበሮቿን የሰፋኋቸው እኔ ነኝ። አረንጓዴ ክሬ እዚያው አለ። አንተም ረስተኸዋል፣ እኔም ረስቼው ነበር።»

ደላላው ዛፉ ሥር ወደቆመችው ሴት ሰረቅ አድርጎ አየና መርፌን በክንዷ ይዞ ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዳት። «ከደረቀች እኮ አራት ዓመቷ ነው። ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ካልፈለግሻት ተያት፤ አልቀየምም። ለሌላው ግን ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝም ባይነቅዝም ብረት ይዝጋል» አለች። «ብሎኖቹን አይቻቸዋለሁ። ከውስጥ ሽቦው ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ያቺ ሴት ሌሊት ምጥ ተጠርታ መንገድ ላይ ብትቆምባትስ?»

«ግማሽ ሥራሽ ከማን እንደሆነ አትርሺ፣ መርፌ።»

«አልረሳሁም።»

የሱቁ ኪራይ አለ፤ የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ አለ። ግን እግሯ ቀድሟት ወደ ዛፉ ሄዷል። አዋላጇ ነጭ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች ነው፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፤ ዓይኖቿ በእንቅልፍ ማጣት ቀልተዋል።

«እህቴ፣ አታውቂኝም» አለቻት መርፌ። «ይቺ መኪና ውሃ ገብቶባታል። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትተሽ እይው፤ የወንበሩን ብሎኖችም እይ። ወንበሮቿን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አሸዋውን በእጄ ነው የጠረግሁት።»

ሴትየዋ መኪናዋንም እሷንም በተራ አየች። «ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር። መርፌ ምክንያት ፍለጋ አልሄደችም። «ሥራው አማረኝ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።»

አዋላጇ ሄዳ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎተተች፣ አየች፣ ለቀቀችው። ስትመለስ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ ነበር። «ሌላ ሳገኝ ታይልኛለሽ?»

«ሱቄ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ነው። መርፌ ብለሽ ብትጠይቂ ማንም ያሳይሻል።»

መምህሩ ይህን ሁሉ ራቅ ብሎ ሲያይና ሲያዳምጥ ቆይቶ ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተ። ተያይዘው ከግቢው ወጡ።

«ኮርጇል» አለ መምህሩ።

«ያስኮረጅኩት እኔ ነኝ።»

«እሱንም ሰማሁ።» እጇን ያዘ። «ግማሽ ሥራችን ሄደ ማለት ነው።»

«ግማሹ አለ» አለች መርፌ። ስትናገረው ለራሷም ደፋር መሰለች። ወዲያው ደግሞ እውነት መሆኑ ገባትና ትከሻዋ ቀለላት። «ወረቀትህ ላይ መጨረሻ የወጣችው የትኛዋ ናት?»

መምህሩ ወረቀቱን ሳያወጣ መለሰ። «የመሬት ቀያሹ። ሰባተኛ። ከወንበርና ከጣሪያ ዜሮ ሰጥቻታለሁ።»

«ከሌላውስ?»

«ከሌላው ጥሩ ነው ያገኘችው። ወንበርና ጣሪያ ናቸው የጣሏት።»

«መምህር» አለች ቆም ብላ፣ «አንተ ማንን ነው ያገባኸው?»

የመሬት ቀያሹ ከአራት ዓመት በፊት ጡረታ የወጡ ቀጭን አዛውንት ናቸው። መኪናዋ ከቤታቸው ጎን ባለች ጠባብ መጠለያ ውስጥ ቆማለች። ቀለሟ የደረቀ ቅጠል ይመስላል፤ የሸራ ጣሪያዋ በሦስት ቦታ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። አዛውንቱ ገና ሰላምታ ሳይጨርሱ ከኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡና ጉድለቶቿን ማንበብ ጀመሩ።

«ጣሪያው ያፈሳል። ዝናብ ሲመጣ የሚገባው በግራ ትከሻ በኩል ስለሆነ ሾፌሩ ወደ ቀኝ ማጋደል አለበት። ሁለተኛ፣ የነዳጁ መርፌ ውሸታም ነው፤ ሙሉ ሲል ግማሽ ነው። ሦስተኛ፣ ጥሩምባው ወደ ግራ ሲታጠፉ ብቻ ይሠራል። አራተኛ፣ ፍሪሲዮኑ…»

«አባባ፣ ይህን ሁሉ እያነበቡ ማን ይገዛዎታል?» አለ መምህሩ።

«ማንም አልገዛኝም» አሉ አዛውንቱ በኩራት። «ዘጠኝ ሰው መጥቷል። ወንበሩንና ጣሪያውን ማሰፊያው ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል ይሉና ይሄዳሉ።»

መርፌ ጫማዋን አውልቃ ገብታለች። የሾፌሩ ወንበር በግራ ጠርዙ በኩል ተበልቷል፤ አንድ ሰው ለዓመታት በአንድ በኩል ሲገባና ሲወጣ የሚያልቀው እንዲህ ነው። የሁለተኛው ወንበር መቀመጫ ግን ሦስት ቦታ ተበስቷል። ቀዳዳዎቹ በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ቁስል አይታ አታውቅም።

«ይህ ምንድነው አባባ?»

«የመለኪያ መሣሪያዬ እግር ነው። እግሮቹ ሹል ናቸው፤ አጥፌ እዚያ አቆመው ነበር።»

«የእኔን ቦታ ነው!» የሚል ድምፅ ከቤቱ መስኮት መጣ። የቀያሹ ባለቤት ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ከጅምሩ ያዳምጡ ኖሯል። «ሃያ ሁለት ዓመት በዚያች መኪና የተሳፈርኩት አራት ጊዜ ነው። ባለሦስት እግሩ በክብር ይሄዳል፣ እኔ አውቶቡስ እጠብቃለሁ።»

«የመንግሥት ንብረት ነበር» አሉ ቀያሹ።

«እኔስ የማን ንብረት ነበርኩ?»

መምህሩ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ጎማው አጎነበሰ። መርፌ በአንደኛው ቀዳዳ ጣቷን አስገብታ ስፖንጁን ቆነጠረችና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አሮጌ አቧራ ሸተታት። ደረቅ ነው፣ ቢጫ ነው፣ በጣቷ መካከል ተፈረፈረ። ዕድሜ እንጂ ውሃ አላገኘውም። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎተተችው፤ ጥቁር፣ ንጹሕ። ብሎኖቹ የድሮ ቅባታቸውን እንደለበሱ ናቸው። ከግራ ትከሻ የገባው ዝናብ ወለሉ ላይ የመዳፍ ያህል ዝገት አሳርፏል፤ እሱንም አዛውንቱ ስድስተኛ ብለው ከደብተራቸው አነበቡላት።

መኪናዋን ከመንገዱ ጥግ ወዳለው ጋራዥ ወሰዷት። መካኒኩ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ሆኖ ተገኘ። በክሪክ አንስቶ ከሥር ገባ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል መታ መታ ሲያደርግ ቆይቶ ወጣ።

«ሞተሯ ጤነኛ ናት፣ መምህር። ፍሪሲዮኑ ዓመት አይቆይም፤ ያንን አስቡበት። ሌላው የሚነካ የለም።»

«እርግጠኛ ነህ? ሒሳብ ላይ ትቸኩል ነበር።»

«ለዚህ እኮ ነው ወደ ሞተር የመጣሁት» አለ መካኒኩ እጁን እየጠረገ። «ሞተር ሲሳሳቱበት ወዲያው ይጮኻል።»

ሲመለሱ መርፌ መሪውን ይዛ ነበር። መንገዱ አጭር ቢሆንም ማርሹ እጇ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ መኪናዋ ኩርባው ላይ መሬቱን ይዛ እንዴት እንደምትዞር አየች። አንዴ ወደ ግራ ስትታጠፍ ጥሩምባውን ሞከረችው። ሠራ። ደስታዋን መደበቅ አልፈለገችም፤ ጮክ ብላ ሳቀች። መምህሩ ግን አንገቱን ወደ ጎን አጋድሎ፣ ጭንቅላቱ የሸራውን ጣሪያ ወደ ላይ ወጥሮት ነበር የተቀመጠው።

«ለሁለት ሰው ነው ያልሽው» አለ። «እኔ አንድ ተኩል ነኝ።»

መኪናዋን አቆመችና በጭንቅላቱና በጣሪያው መካከል ሊኖር የሚገባውን ክፍተት በጣቶቿ ለካች። ከዚያ መቀመጫውን በመዳፏ ተጫነችው። «ሦስት ጣት ስፖንጅ ብቀንስልህ ትገባለህ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ ሒሳብ ላይ አልቸኩልም።»

ዋጋ የሚነጋገሩበት ሰዓት ሲደርስ መርፌ ልትጀምር አፏን ከፈተችና ተወችው። ቀይዋ መኪና ትዝ አለቻት። «አባባ» አለች፣ «ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ ወንበር ሰፊ ነኝ። ሸራም እሰፋለሁ። ዘጠኙን ሰው ያባረረው ነገር ለእኔ የሁለት እሁድ ሥራ ነው። ይህን ሳያውቁ ቢሸጡልኝ ደስ አይለኝም።»

ቀያሹ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ይህን ሳትነግሪኝ ብትገዢ ይረክስልሽ ነበር።»

«ያውቃሉ፣ ዛሬ እንዲያ ያለ ርካሽ አይቼ መጣሁ።»

«እንግዲያው ዋጋው ያው ነው» አሉ አዛውንቱ ደብተራቸውን አጥፈው። «እኔም ጉድለቷን አንብቤልሻለሁ፣ አንቺም ትርፍሽን ነገርሽኝ። ጨርሰናል።»

«አልጨረሳችሁም» አሉ ባለቤታቸው ከመስኮቱ። «ልጅቷ ወንበር የምትሰፋ ከሆነ የሳሎን ወንበሬ ሽቦው ወጥቶ ይወጋኛል። በመኪናው ያልተቀመጥኩ ሴት በቤቴ እንኳ ልቀመጥ። ከዋጋው ቀንስላት፣ እሷ የእኔን ትስፋ።»

«እማማ፣ በየትኛው ቀለም?» አለች መርፌ።

«ደማቅ ይሁን» አሉ። «የደረቀ ቅጠል ሳይ ነው የኖርኩት።»

ዐሥር ሰዓት ላይ መርፌ አዲሲቱን አሮጌ መኪናዋን በሱቋ በር አቆመች። ሞተሩን ሳታጠፋ ትንሽ ሰማችው። ሁለቱ ሠራተኞቿ ወጥተው መኪናዋን ዞሩ፤ አንደኛዋ የተቀደደውን ጣሪያ ነካ አድርጋ «ይቺንስ ከፍሎ የሚያሰፋ ደንበኛ ነበር ማምጣት ያለበት» አለች።

ከበሩ ጎን ግን ሌላ የሚጠብቃት ነበር። ባለጋሪው፣ አይዞህ ዕቃ የሚልክበት ጎልማሳ፣ ጋሪውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። ጋሪው ላይ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ወንበሮች አሉ።

«እትዬ መርፌ፣ ከአይዞህ ነው» አለ ተነስቶ በመስኮቱ ኤንቨሎፕ እያቀበላት። «ነገ ጠዋት ይድረስልኝ ብሏል። ክፍያውን አስቀድሞ ልኮታል፤ ከወትሮው በለጥ ያለ ነው። ደግሞ የጠዋቱን እኔ ረስቼዋለሁ፣ እሷም ትርሳው በልልኝ ብሏል።»

መርፌ ከመኪናዋ ወርዳ ጋሪው አጠገብ ቆመች። አይዞህ እንደሷ ያለ እጅ ሌላ ቦታ እንደማያገኝ ገባት። ነገሩን ሁሉ በአንድ ኤንቨሎፕ ሊያስተካክለው ፈልጓል፤ ግማሹ ሥራ ይመለሳል፣ ኪራዩ በጊዜው ይከፈላል፣ ማንም ምንም አይጠይቅም። ሠራተኞቿ ፊቷን እያዩ ነው። መምህሩ ከመኪናዋ ለመውጣት ከእግሩ ጋር እየታገለ ነው።

ላስቲኩን ገልጣ በመዳፏ ብትጫነው ደረቅ ይሁን እርጥብ በአንድ ትንፋሽ ታውቀዋለች። እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

«መኪናው የት አለ?» አለች።

«የቱ መኪና?»

«የእነዚህ ወንበሮች።»

ባለጋሪው ግራ ተጋባ። «እኔ ወንበሩን ነው የጫንኩት።»

«ኤንቨሎፑን መልስለት። መኪናውን ይዞ ይምጣ በለው። ከነመኪናው ካላየሁት ወንበር አልሰፋም፤ ለሱም ለሌላም። ያንተን የመመለሻ ሒሳብ እኔ እከፍልሃለሁ፤ አንተ ምን አደረግህ።»

ባለጋሪው ኤንቨሎፑን ተቀብሎ፣ ራሱን እየነቀነቀ ጋሪውን አዞረና ቁልቁለቱን ያዘ። ወንበሮቹ ላስቲካቸው ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ከኩርባው ወዲያ ጠፉ።

«ደረቅ ሊሆኑ ይችሉ ነበር እኮ» አለ መምህሩ። አሁን ቀና ብሎ ቆሟል።

«ይችሉ ነበር» አለች መርፌ። «ለዚህ ነው መኪናው ይምጣ ያልኩት።»

ቆዳ የምታሰምርበትን ጠመኔ ከኪሷ አወጣች። በሱቁ የብረት በር ላይ፣ ከመንገድ ማዶ ሆኖ እንዲነበብ አድርጋ፣ በትልልቁ ጻፈች፦ ወንበር ከነመኪናው ብቻ።

መምህሩ ራቅ ብሎ አነበበው። የተማሪ ሰሌዳ እንደሚያይ አንገቱን አዘነበለ። «ጠመኔ ዝናብ ሲነካው ይለቃል» አለ።

«ነገ በቀለም እጽፈዋለሁ» አለችና የእሱን ወንበር ልትፈታ ብሎን መፍቻውን አንስታ ጫማዋን አወለቀች።